ከመደርደሪያ ወደ ሥራ ቦታ፡- የተማሪዎች የቡድን ፕሮጀክትና የኢንዱስትሪ አማካሪዎች ሚና

የትምህርት ዘመኑ ሲጠናቀቅ በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በርካታ የመመረቂያ ፕሮጀክት ጥራዞች ለትምህርት ክፍሎች ገቢ ይደረጋሉ፡፡ በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ በሶፍትዌር ምህንድስና፣ በአካውንቲንግና በማኔጅመንት የሚመረቁ ወጣቶች ለወራት የደከሙባቸው ሥራዎች ናቸው፡፡ የጥራዞቹ ርዕስም የተለመደ ነው፡፡ የንብረት አስተዳደር ሥርዓት፣ የሆቴል ክፍል ማስያዣ፣ የመድኃኒት ቤት ሽያጭ መመዝገቢያ፣ የሠራተኞች ደመወዝ ማስሊያ እያለ ይቀጥላል፡፡ ፈተናው ታልፎ ውጤት ከተሰጠ በኋላ ግን ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ብዙዎቹ ከመደርደሪያ ወርደው ግምጃ ቤቱ፣ ሆቴሉ ወይም መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሳይደርሱ ይቀራሉ፡፡

በአንጻሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ፋብሪካዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በየዕለቱ የሚቸገሩባቸው የአሠራር ችግሮች መፍትሔ ይሻሉ፡፡ የተማሪው ዕውቀት በአንድ ወገን፣ የተቋማት ችግር በሌላ ወገን ተለያይተው መቆየታቸው ለሁለቱም ኪሳራ ነው፡፡ ይህንን ክፍተት ለማጥበብ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከአንድ ተቋም በመጣ እውነተኛ ችግር ላይ፣ ከዚያው ዘርፍ በተመደበ ልምድ ያለው ባለሙያ እየተመከሩ የሚሠሩት ፕሮጀክት ነው፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ውጤት የሚያመጣው በመልካም ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄ ሲታቀድ ነው፡፡

ለሀገሪቱ እንግዳ ያልሆነ ልምድ

ተማሪን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ከኅብረተሰቡ ችግር ጋር ማገናኘት ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት አዲስ ጉዳይ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት በቡድን ወደ ጤና ማዕከላት በማሰማራት ያሠለጥን ነበር፡፡ የተለያየ ሙያ ያላቸው ተማሪዎች በአንድ አካባቢ አብረው እየኖሩ ችግሩን ያጠናሉ፤ መፍትሔውንም ይሞክራሉ፡፡ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በተለይ በገጠሪቱ ኢትዮጵያ በማስተማርና በሌሎች ሥራዎች እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፡፡

እ.ኤ.አ በ1983 የተቋቋመውና በኋላ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን ዋነኛ መለያው አድርጎ ቆይቷል፡፡ በዚህ ሥርዓት ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ተመደቡበት ቀበሌ እየተመለሱ የነዋሪውን ችግር ይለያሉ፣ በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ የሚቻለውን ያህል መፍትሔ ይተገብራሉ፣ ውጤቱንም ይገመግማሉ፡፡ ከጤናው ዘርፍ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፡፡ ችግሩን የሚመርጠው ከተማሪው ምናብ ይልቅ የአካባቢው እውነታ ሲሆን ትምህርቱም አገልግሎቱም ይጎለብታል፡፡

በምህንድስናው መስክ እ.ኤ.አ በ2005 ከጀርመን መንግሥት ጋር በትብብር የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ተማሪዎች ለአንድ የትምህርት ወሰነ ዘመን በኢንዱስትሪዎች ውስጥ የተግባር ልምምድ የሚያደርጉበትን አሠራር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ እንዲሰርጽ አግዟል፡፡ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ምጣኔ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ 70 በመቶ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ 30 በመቶ እንዲሆን መደረጉም የልምምድ ቦታ የሚፈልገውን ተማሪ ቁጥር በእጅጉ አሳድጎታል፡፡ በ2004 ዓ.ም የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲና በ2011 ዓ.ም የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስርን አስፈላጊነት አጽንተዋል፡፡ ስለሆነም የጎደለው ከሕግና ከፖሊሲ ይልቅ የዕለት ተዕለት አሠራሩ ነው ማለት ይቻላል፡፡

የውጭው ልምድ ምን ያሳያል

በዓለም ዙሪያም ይህንን መንገድ የተከተሉ ተቋማት ቁጥር ጥቂት አይደለም፡፡ በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1906 በ27 የምህንድስና ተማሪዎች የጀመረው ትምህርትና ሥራን እያፈራረቁ የማስኬድ ዘዴ በኋላ በበርካታ ተቋማት ተስፋፍቷል፡፡ የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1957 ሥራውን ሲጀምር ይህንኑ ዘዴ መሠረቱ አድርጓል፡፡ የዴንማርኩ አልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1974 ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ ተማሪዎች በቡድን ሆነው በችግር ላይ የተመሠረተ ፕሮጀክት የሚሠሩበትን ሥርዓት የትምህርቱ ምሰሶ አድርጎታል፡፡

ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሃርቪ ማድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ በ1963 የጀመረው «ክሊኒክ» የተሰኘ ፕሮግራም ነው፡፡ ስያሜው ከሕክምና ትምህርት የተወሰደ ነው፡፡ የሕክምና ተማሪ በሕመምተኛ አጠገብ ሆኖ እንደሚማር ሁሉ የምህንድስና ተማሪም በእውነተኛ ችግር አጠገብ ሆኖ ይማር የሚል ሐሳብ አለው፡፡ በዚህ ፕሮግራም አንድ ኩባንያ ወይም መሥሪያ ቤት ችግሩን ያቀርባል፤ ወጪውን ይሸፍናል፤ አንድ ባለሙያ ይመድባል፡፡ አነስተኛ የተማሪዎች ቡድን ከአንድ መምህር ጋር ሆኖ ለአንድ የትምህርት ዓመት ይሠራበታል፡፡ በመጨረሻም ውጤቱን ለባለ ጉዳዩ ያስረክባል፡፡

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ቁም ነገር የገንዘቡ መጠን ወይም የሕንፃው ስፋት አይደለም፡፡ ሦስት ወገኖች ማለትም ተማሪው፣ መምህሩና ችግሩን ያመጣው ተቋም ከመጀመሪያው አንስቶ ድርሻቸውን አውቀው መግባታቸው ነው፡፡ የተግባር ልምምድና የቡድን ፕሮጀክት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፡፡ በልምምድ ተማሪው በተናጠል ወደ ተቋሙ ሄዶ የተቋሙን ሥራ ይላመዳል፡፡ በቡድን ፕሮጀክት ግን አራት ወይም አምስት ተማሪዎች አንድ ውሱን ችግር ተረክበው ለውጤቱ በጋራ ይጠየቃሉ፡፡ በ2015 ዓ.ም በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና የእያንዳንዱን ተማሪ ዕውቀት ይመዝናል፡፡ ከሌሎች ጋር ተግባብቶ፣ ሥራ ተከፋፍሎ፣ በቀጠሮ የማስረከብ ብቃትን የሚለካው ግን እንዲህ ያለው ፕሮጀክት ነው፡፡

ችግሩን መምረጥ የሥራው እኩሌታ ነው

በቢዝነስ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ድክመት መፍትሔው ከችግሩ በፊት መወሰኑ ነው፡፡ ተማሪዎች በክፍል የተማሩትን የፕሮግራም ቋንቋ ለመጠቀም በመጓጓት «ሶፍትዌር እንሠራለን» ብለው ይነሳሉ፡፡ ተቋሙም ዘመናዊ ለመሰኘት «ሲስተም ይሠራልን» ይላል፡፡ ሁለቱም ወገኖች የትኛው ሥራ፣ በማን እጅ፣ ለምን እንደዘገየ ሳይጠይቁ ወደ ሥራ ይገባሉ፡፡

ጉዳዩን ለማብራራት አንድ ምግብ አቀነባባሪ ድርጅት በግምጃ ቤቱ ያለው ጥሬ ዕቃ በመዝገብ ከሚታየው ጋር አልመጣጠን ብሎት ተቸገረ እንበል፡፡ የተማሪዎች ቡድን ወዲያውኑ የኮምፒዩተር የንብረት መመዝገቢያ ለመሥራት ሊነሳ ይችላል፡፡ በግምጃ ቤት ዘርፍ ልምድ ያካበተ አማካሪ ቢኖር ግን በመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሦስት ቀን ከግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አጠገብ ያስቀምጣቸዋል፡፡ ምናልባትም ዕቃው ጧት ወጥቶ የወጪ ደረሰኙ ማታ ወይም በማግሥቱ እንደሚሞላ፣ በመካከልም አንዳንዱ እንደሚዘነጋ ያስተውላሉ፡፡ በዚህ ጊዜ ችግሩ የኮምፒዩተር እጦት ሳይሆን የምዝገባው ሰዓት መሆኑ ይገለጣል፡፡ አሠራሩ ሳይስተካከል ሶፍትዌር ቢገባ የዘገየውን መረጃ በፍጥነት ከማሳየት ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም፡፡

ይህ ምሳሌ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይሠራል፡፡ የገቢ ዕቃን በሞዴል 19፣ የወጪ ዕቃን በሞዴል 22 መመዝገብ የንብረት ክፍል ባለሙያዎች የዘወትር ተግባር ነው፡፡ ይህንን የወረቀት ጉዞ ያልተከታተለ ተማሪ የሚሠራው ሥርዓት ለኦዲተር የሚቀርበውን ማስረጃ ሳያካትት ሊቀር ይችላል፡፡ ማስረጃ የሌለው ሥርዓት ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ሠራተኛው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፡፡

በመሆኑም ለፕሮጀክት የሚመረጥ ችግር ቢያንስ አራት መመዘኛዎችን ሊያሟላ ይገባል፡፡ አንደኛ፣ ችግሩን በስም የሚያውቀውና መፍትሔውን የሚጠባበቅ የሥራ ክፍል መኖር አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ በአንድ የትምህርት ወሰነ ዘመን ሊጠናቀቅ የሚችል ውሱን ጉዳይ መሆን ይኖርበታል፡፡ ሦስተኛ፣ ፕሮጀክቱ ቢዘገይ ወይም ባይሳካ የተቋሙ የዕለት ሥራ የማይቆም መሆን አለበት፤ የደመወዝ ክፍያን ወይም የሕመምተኛ ሕክምናን ለተማሪ ሙከራ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም፡፡ አራተኛ፣ ለውጡ በቁጥር ሊለካ ይገባል፡፡ አንድ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት ጊዜ፣ በወር የሚገኝ የቆጠራ ልዩነት ወይም ተመላሽ የሚሆን ቅጽ ብዛት ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊትና ከተጠናቀቀ በኋላ ሊመዘገብ የሚችል መለኪያ ነው፡፡

የችግሩ ምንጭ ትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አይደሉም፡፡ ከከተማ የራቁ ዩኒቨርሲቲዎች «በአካባቢያችን ኢንዱስትሪ የለም» የሚል ቅሬታ ማቅረባቸው የተለመደ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የቡና አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ የወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ የከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ ሆስፒታል፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የወተት ሰብሳቢ ማኅበር ሁሉም የገቢ፣ የወጪ፣ የክምችትና የደንበኛ መረጃ የሚያንቀሳቅሱ ናቸው፡፡ በግንቦት 2013 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ የአነስተኛ ነጋዴዎች ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ እየተሸጋገረ መምጣቱም አዲስ ጥያቄ አስከትሏል፡፡ በቀን ውስጥ በስልክ የገባውን ክፍያ ከሽያጭ መዝገብ ጋር ማመሳከር ለአንድ ባለ ሱቅ ቀላል የማይባል ሥራ ሲሆን፣ ለተማሪ ቡድን ግን ተስማሚ የፕሮጀክት ርዕስ ነው፡፡

አማካሪው ማን ነው፣ ድርሻውስ ምንድን ነው

የኢንዱስትሪ አማካሪ ሲባል ብዙ ጊዜ የተቋሙ ሥራ አስኪያጅ ወይም የመምሪያ ኃላፊ ይታሰባል፡፡ ኃላፊው ደብዳቤ ይፈርማል፤ በመክፈቻው ቀን ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በስብሰባ ብዛት ሊገኝ አይችልም፡፡ ስለዚህ ሁለት ሰዎች መለየት ይበጃል፡፡ አንደኛው ፕሮጀክቱን የሚፈቅድና እንቅፋት ሲያጋጥም የሚያስወግድ ኃላፊ ነው፡፡ ሁለተኛው ችግሩን በየዕለቱ የሚኖርበትና ከተማሪዎቹ ጋር በቋሚነት የሚገናኝ ባለሙያ ነው፡፡ እውነተኛው አማካሪ ሁለተኛው ነው፡፡

የአማካሪው ድርሻ ሥራውን መሥራት ወይም ፕሮግራም መጻፍ አይደለም፡፡ ተማሪዎቹ ከሥራው ባለቤቶች ጋር እንዲተዋወቁ ያደርጋል፣ የዘርፉን ቋንቋ ያስረዳል፣ የተሳሳተ ግምት ሲይዙ ያርማል፣ የቀረበው መፍትሔ በሥራ ቦታው ይቻል አይቻል እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፡፡ ውጤት መስጠት ግን የመምህሩ ኃላፊነት ሆኖ መቀጠል አለበት፡፡ አማካሪው አስተያየቱን በጽሑፍ ቢያቀርብና መምህሩ ከግምት ቢያስገባው በቂ ነው፡፡

ኃላፊዎች ለዚህ ሥራ ባለሙያ ለመመደብ ከሚያመነቱባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የጊዜ እጥረት ነው፡፡ ስሌቱ ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፡፡ አንድ አማካሪ ለ16 ሳምንታት በሳምንት አንድ ሰዓት ቢመድብና ለሥራ ቦታ ጉብኝት ሁለት ጊዜ ግማሽ ቀን ቢጨምር በጠቅላላው 24 ሰዓት ወይም ሦስት የሥራ ቀናት ይሆናል፡፡ በሌላ ወገን አምስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት ስድስት ሰዓት ቢሠሩ በ16 ሳምንታት 480 ሰዓት ማለትም 60 የሥራ ቀናት ይገኛሉ፡፡ ይህ ሲባል ተማሪን እንደ ርካሽ ጉልበት መመልከት ይገባል ማለት አይደለም፡፡ የተማሪ 60 ቀን የባለሙያን 60 ቀን አይተካም፤ የሚበዛው ጊዜ የሚያልፈው በመማር ነው፡፡ ይሁንና ለተቋሙ የሚተርፈው ጥቅም ከሚከፍለው ጊዜ በታች እንደማይሆን ያመለክታል፡፡

በዩኒቨርሲቲው በኩልም ዝግጅት ይጠይቃል፡፡ 60 ተማሪዎች ያሉት አንድ ክፍል በአምስት በአምስት ቢከፈል 12 ቡድኖች ይሆናሉ፡፡ 12 ችግሮች፣ 12 አማካሪዎችና አንድ መምህር አራት ቡድን ቢይዝ ሦስት ተቆጣጣሪ መምህራን ያስፈልጋሉ፡፡ ይህ የመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ካልተቆጠረ ክትትሉ በፊርማ ብቻ ሊወሰን ይችላል፡፡

ከመጀመሪያው መፈረም ያለባቸው ጉዳዮች

መልካም ግንኙነት በቃል የሚጀመር ቢሆንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ በጽሑፍ ካልተያዘ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቋረጣል፡፡ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ስምምነት ለዚህ በቂ ነው፡፡ ስምምነቱ ችግሩን በአንድ አንቀጽ ይገልጻል፣ የሦስቱን ወገኖች ኃላፊነት ይዘረዝራል፣ የመገናኛ ቀንና ሰዓት ይወስናል፣ የትራንስፖርት ወጪ በማን እንደሚሸፈን ያመለክታል፣ በመጨረሻም ምን እንደሚረከብ ያስቀምጣል፡፡

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የመረጃ አያያዝ ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግለሰቦች መረጃ በሕጋዊ መሠረት፣ ለተወሰነ ዓላማና ደኅንነቱ ተጠብቆ እንዲሠራበት ይጠይቃል፡፡ የደንበኞችን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የክፍያ ታሪክ የያዘ ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ለተማሪዎች መስጠት በመልካም ልብ ቢደረግም ተቋሙን ለተጠያቂነት ሊዳርግ ይችላል፡፡ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፡፡ ተማሪዎች ለሙከራ የሚጠቀሙበት መረጃ የሰው ስምና መለያ የሌለው ወይም ለዚሁ ዓላማ የተፈጠረ እንዲሆን፣ እውነተኛው መረጃ ከተቋሙ ኮምፒዩተር እንዳይወጣ፣ በፕሮጀክቱ ማብቂያ ቅጂ እንዳይቀር መወሰን ይቻላል፡፡ የይለፍ ቃል ለቡድን አይሰጥም፤ የሚያስፈልግ ከሆነ የተገደበ ፈቃድ ተከፍቶ በማብቂያው ቀን ይዘጋል፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት መብት ነው፡፡ በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፡፡ ተማሪዎች የጻፉት ፕሮግራም የማን ነው? ተቋሙ ያለ ክፍያ ሊገለገልበት ይችላልን? ተማሪዎቹ ከተመረቁ በኋላ አሻሽለው ለሌላ ተቋም መሸጥ ወይም የራሳቸውን ድርጅት መመሥረት ይፈቀድላቸዋልን? እነዚህ ጥያቄዎች ሥራው ዋጋ ካወጣ በኋላ ሲነሱ ጠብ ይወልዳሉ፤ ከመጀመሪያው ሲነሱ ግን በግማሽ ገጽ ይቋጫሉ፡፡ አንዱ አማካይ መንገድ ተቋሙ ለራሱ ሥራ ያለ ገደብ እንዲገለገልበት፣ ተማሪዎቹም የተቋሙን መረጃና ምስጢር ሳይጨምር የፈጠሩትን ዘዴ አዳብረው እንዲጠቀሙበት መስማማት ነው፡፡

የ16 ሳምንታት ጉዞ

ዕቅዱ የሚጀምረው ትምህርት ሲከፈት ሳይሆን ቢያንስ ከስድስት ሳምንታት በፊት ነው፡፡ በዚህ ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ተቋማትን አነጋግሮ ችግሮችን ያሰባስባል፣ ያጣራል፣ አማካሪዎችን ይለያል፡፡ ተማሪ ከገባ በኋላ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ መንከራተት የወሰነ ዘመኑን ሲሶ ሊወስድ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፡፡

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡድኖች ይመሠረታሉ፤ ስምምነቱም ይፈረማል፡፡ ቡድኑ በጓደኝነት ብቻ ከሚሰባሰብ ይልቅ የተለያየ ሙያ ቢይዝ ይመረጣል፡፡ ሁለት የኮምፒዩተር፣ አንድ የአካውንቲንግ፣ አንድ የማኔጅመንትና አንድ የስታትስቲክስ ተማሪ ያሉበት ቡድን ችግሩን ከአምስት አቅጣጫ ይመለከታል፡፡ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ በሥራ ቦታው ተገኝተው ይመለከታሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ፡፡ በስድስተኛው ሳምንት ችግሩን፣ አሁን ያለበትን መጠንና የሚጠበቀውን ለውጥ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፈው በአማካሪው ያስፈርማሉ፡፡ ይህ ገጽ የፕሮጀክቱ የመሠረት ድንጋይ ነው፡፡ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ጥያቄ ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይመዘናል፡፡ ተቋሙ በአሥረኛው ሳምንት «ይህንንም ጨምሩበት» ቢል ቡድኑ በአክብሮት ገጹን ማሳየት ይችላል፡፡

ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የሥራ ነው፡፡ እዚህ ላይ የሚመከረው ሁሉንም አጠናቅቆ በመጨረሻ ማሳየት ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ የተጠናቀቀውን ትንሽ ክፍል ለተጠቃሚው ማቅረብ ነው፡፡ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ በስምንተኛው ሳምንት «ይህ ቁልፍ አይገባኝም» ብትል ማረም ይቻላል፤ በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ብትል ግን ጊዜው ያለፈ ነው፡፡ አሥራ ሦስተኛውና አሥራ አራተኛው ሳምንት ከነባሩ አሠራር ጎን ለጎን የሙከራ ሥራ ይካሄድበታል፡፡ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የርክክብና የግምገማ ናቸው፡፡

ርክክብ ሲባል በፕሮጀክተር የሚቀርብ ገለጻ ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፡፡ በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ የተጻፈ አጭር የአጠቃቀም መመሪያ፣ የፕሮግራሙ ሙሉ ቅጂ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ማን እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ማስታወሻና ቢያንስ ለሁለት ሠራተኞች የተሰጠ ሥልጠና ሊኖር ይገባል፡፡ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካልቀረ ፕሮጀክቱ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሌላ መደርደሪያ እንደመውጣት ይቆጠራል፡፡

የምዘናውም ነገር አብሮ መታሰብ አለበት፡፡ በቡድን ሥራ ሁለቱ ሲደክሙ ሦስቱ ስም የሚያስመዘግቡበት ሁኔታ የታወቀ ቅሬታ ነው፡፡ ከመቶው 20 ለችግሩ ጥናት፣ 20 ለአሠራር ሂደት፣ 25 ለመፍትሔው፣ 15 ለርክክብ ሰነድ፣ 20 ደግሞ ለግል አስተዋጽኦ መመደብ አንዱ አማራጭ ነው፡፡ የግል አስተዋጽኦው በሳምንታዊ የሥራ መዝገብ፣ በቡድን አባላት ምስጢራዊ አስተያየትና በቃል ጥያቄ ሊረጋገጥ ይችላል፡፡ በጥናት ተረጋግጦ «ለዚህ ችግር ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ቅጹ ይሻሻል» የሚል መደምደሚያ ላይ የደረሰ ቡድንም ሙሉ ውጤት የሚያገኝበት ዕድል ሊነፈግ አይገባም፡፡ እንዲህ ያለው ሐቀኝነት ለተቋሙ ገንዘብ ያድናልና፡፡

የመሥሪያ ቤቶችና የኃላፊዎች ድርሻ

በሰኔ 2012 ዓ.ም የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶችንና የንግዱን ማኅበረሰብ አሠራር በቴክኖሎጂ ለማዘመን አቅጣጫ አስቀምጧል፡፡ በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድና ግብይት ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፡፡ በ2015 ዓ.ም የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284ም ለአገልግሎት አሰጣጥ አዲስ ዕድል ከፍቷል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ የፕሮግራም ክህሎት ያላቸውን ወጣቶች ቁጥር ለማበራከት ያለመ ነው፡፡ ሕጉም ክህሎቱም እየተሟላ ሲሄድ ቀጣዩ ጥያቄ ክህሎቱ በምን ችግር ላይ ይውላል የሚለው ይሆናል፡፡ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚችሉት ችግሩን የሚያውቁት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፡፡

ከዚህ አኳያ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ለተማሪ ፕሮጀክት የሚሆኑ ሦስት ወይም አራት ችግሮችን ለይቶ በአቅራቢያው ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ቢያሳውቅ ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ይሆናል፡፡ አማካሪ ሆኖ የሚመደብ ባለሙያ የሚያጠፋው ጊዜ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ውስጥ ቢካተት ፈቃደኝነቱ ይጨምራል፡፡ በክልልና በከተማ ደረጃ የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች የአባሎቻቸውን ችግር በማሰባሰብ ሊያግዙ ይችላሉ፡፡ የግሉ ዘርፍ ደግሞ ከቡድኖቹ መካከል ነገ የሚቀጥራቸውን ወጣቶች አስቀድሞ የማወቅ ዕድል ያገኛል፡፡

በሂደቱ ሊገጥሙ የሚችሉ ችግሮችም አሉ፡፡ የኢንተርኔትና የኤሌክትሪክ መቆራረጥ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የኃላፊዎች መቀያየር፣ በጸጥታ ምክንያት የትምህርት ካሌንደር መዛባት ዕቅዱን ሊያናጉ ይችላሉ፡፡ ለእነዚህ መጠባበቂያ የሚሆነው የፕሮጀክቱን መጠን አነስተኛ ማድረግ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መፍትሔ መምረጥና ከአንድ አማካሪ በተጨማሪ ተጠባባቂ ማስመዝገብ ነው፡፡ ዋናው ፈተና ግን የልምድ ነው፡፡ ችግርን ለውጭ ሰው፣ ያውም ለተማሪ፣ ገልጦ ማሳየት ለአንዳንድ ኃላፊዎች እንደ ድክመት ይታያል፡፡ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተገለጠ የአሠራር ችግር ዋጋ የሚያስከፍለው ባለጉዳዩን ነው፡፡

በአጠቃላይ የጎንደርና የጅማ የጤና ተማሪዎች በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው ችግርን ከምንጩ የመረዳት ልምድ ካዳበሩ አሠርት ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ይኸው ልምድ ወደ ግምጃ ቤቱ፣ ወደ ሒሳብ ክፍሉ፣ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢሸጋገር ተጠቃሚው ሰፊ ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲዎች ከመንፈቀ ዓመቱ መከፈት አስቀድመው ችግሮችን ማሰባሰብ፣ መሥሪያ ቤቶችም ሦስት ቀን የሚሆን የባለሙያ ጊዜ መመደብ ይጠበቅባቸዋል፡፡ ተማሪውም መፍትሔ ከመፍጠሩ በፊት ከሠራተኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ መመልከትን ሊያስቀድም ይገባል፡፡ እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ የመመረቂያ ጥራዙ ከመደርደሪያ ይልቅ በሥራ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝበት ዕድል ይሰፋል፡፡